ከደሴና ከኮምቦልቻ ተነስቶ የአእምሮ ጤና አማካሪ መሆን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለዚህ ሙያ የሚጠይቀኝ ሰው ሳይመጣ ሳምንት አያልፍም። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን በስልኩ አሳይቶኝ «ሳይኮሎጂ ልግባ?» ይላል። አንዷ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነች፤ መስኩን መቀየር ፈልጋለች። በቀደም ደግሞ አንድ አባት ከኮምቦልቻ ደውለው «ልጄ አማካሪ እሆናለሁ ትለኛለች፤ እህቴ፣ ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» አሉኝ። እኔ ደሴ ላይ በምክር አገልግሎት የምሠራ ሴት ነኝ። ለሁሉም የምመልሰውን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሰው መምከር እወዳለሁ። ይህ ሙያ ይሆነኛል?

ይሆናችሁ ይሆናል። ግን «መምከር» የሚለውን ቃል ትንሽ እንየው። ወሎ ላይ መካሪ ጠፍቶ አያውቅም። ሽማግሌ አለ። የነፍስ አባት አለ። ሼህ አለ። ቡና አፍልታ፣ ጉድሽን ሰምታ መላ የምትል ጎረቤት አለች። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው እነዚህን ሁሉ አዳርሶ ነው የሚመጣው። «በርቺ» ተብላለች። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሏል። «ሲያገባ ይተወዋል» ተብሎለታል። ምክርማ ሞልቷል። ያጣው ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው የሚሰማው ሰው ነው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። የተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ መጣች። እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ዝም አለች። ዝምታው እኔን አስጨነቀኝና ማውራት ጀመርኩ። ማታ ስልክ እንዳትነካ፣ ቡና እንድትቀንስ፣ በጊዜ እንድትተኛ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ። እሷ «እሺ፣ እሺ» ብላ ሄደች። አሠልጣኜ ማስታወሻዬን አነበቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «እንቅልፍ የነሳት ምንድን ነው?» አላውቅም ነበር። አልጠየቅኳትም። ልጅቷም ተመልሳ አልመጣችም።

ስለዚህ ጥያቄውን ልቀይረው። የሌላ ሰው ዝምታ ውስጥ ሳትቸኩሉ መቀመጥ ትችላላችሁ? ሰው ፊታችሁ ሲያለቅስ «በቃ፣ በቃ» ሳትሉ መቆየት ትችላላችሁ? አሁን ባትችሉም ይለመዳል። ግን የምትገቡበት ሥራ ይህ መሆኑን ከወዲሁ እወቁት።

ሳይካትሪስት፣ ሳይካትሪ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት፣ ካውንስለር… ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሳይካትሪስት ሐኪም ነው። መጀመሪያ ሕክምና ይማራል፤ ከዚያ በላይ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደርጋል። ይህ ሥልጠና አገር ውስጥ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ ለ70 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ሕሙማኑን ማን ያይ ነበር? የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። አማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሠልጣኞቹ ወደየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመለሱና አገልግሎቱን ተሸከሙት። እስከ ዛሬም ከአዲስ አበባ ውጭ የሥነ አእምሮ ክፍል ስትገቡ ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ሳይካትሪ ነርስ ነው። ይመረምራል፣ መድኃኒት ያስጀምራል፣ ይከታተላል። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚነገረው ከሠሩት ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም። መሣሪያው ንግግርና የሥነ ልቦና ምዘና ነው። ካውንስለር ወይም አማካሪ የምንለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይኮሎጂ ተምሮ በምክር አገልግሎት ላይ ያተኮረ ሰው ነው። ሐዘን፣ ትዳር፣ ጭንቀት፣ ድባቴ (ዲፕሬሽን)፣ ሱስ፣ የትምህርት ቤት ችግር ይዞ የመጣን ሰው ያነጋግራል። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሕክምና ይልካል። መላክን የማያውቅ አማካሪ ያስፈራኛል።

ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለመሆን የቱን ልማር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የሙያ ፈቃድ የሚከተለው ዲግሪያችሁ ላይ የተጻፈውን የሙያ መጠሪያ ነው። ለሰው ያላችሁን ፍቅር አይቶ የሚሰጥ ፈቃድ የለም። ሳይካትሪ ነርሲንግ የጤና ሙያ ነው። ተመራቂው የብቃት ምዘና ፈተና ይወስዳል፤ አልፎ በክልሉ ጤና ቢሮ በኩል ተመዝግቦ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱንም በየጊዜው ያሳድሳል፤ ለዚያ ደግሞ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። መንገዱ የተጠረገ ነው።

የሳይኮሎጂ መንገድ ሰፋ ያለ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ትምህርት ቤት በአማካሪነት ብትቀጠሩ የምትገቡት በትምህርት ዘርፍ ነው፤ መዋቅሩ ከጤናው ይለያል። ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ውስጥ ሰው ለማከም ካሰባችሁ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ አትቁሙ። በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ቀን ሠዉ። የምትማሩት ፕሮግራም ሲያልቅ ዲግሪው ላይ የሚጻፈውን ስም ቃል በቃል በወረቀት ጻፉት። ያንን ይዛችሁ የጤና ቢሮውን የፈቃድ ክፍል ጠይቁ፦ «በዚህ መጠሪያ የተመረቀ ሰው ይመዘገባል? በምን ደረጃ?» መልሱን ጻፉት፤ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጨምሩ። አራት ዓመት ተምሮ በመጨረሻው መስኮት ላይ «ይህ መጠሪያ እኛ ጋ የለም» የተባለ ሰው አውቃለሁ። የተመለሰበትን ፊት አልረሳውም።

እዚሁ ደሴ መማር ይቻላል?

ይቻላል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል አለው፤ በሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁም የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለ። ሁለቱም ደሴ ናቸው፤ የኮምቦልቻው ግቢ የቴክኖሎጂ ነው። የኮምቦልቻ ልጆች በመንገዱ አትሸማቀቁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት እየወጡ ኖት ሲያነቡ የተመረቁ አሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

ብሔራዊ ፈተናውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥታችሁ እለፉ። ሳይካትሪ ነርሲንግ የሚፈልግ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን አለበት። ሳይኮሎጂን በዋናነት የሚማሩት ከማኅበራዊ ሳይንስ የመጡ ናቸው። የትምህርት ክፍል ድልድል የፍሬሽማን ዓመት ውጤትን ያያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት «የማለማመጃ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ሌላም አለ። ሥራውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ አማካሪ ካለ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ ብላችሁ ጠይቁ። የቀይ መስቀል ወይም የክበብ በጎ ፈቃደኛ ሁኑ። ከመጽሐፉ በፊት ሰዉን ያየ ተማሪ ክፍል ውስጥ ይታወቃል።

የመውጫ ፈተናና የብቃት ምዘና አንድ ናቸው?

ዓላማቸው ይለያያል። የመውጫ ፈተና ለዲግሪው ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ይፈተነዋል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የብቃት ምዘናው ለሙያ ፈቃድ ነው፤ በጤና ሚኒስቴር ሥር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ሙያዎች ላይ ሲሰጥ ቆይቷል።

ማስተርስ ስማር ምን ልይ?

መጀመሪያ የድኅረ ምረቃ መግቢያ አገር አቀፍ ፈተናውን ማለፍ አለባችሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንፃውና ስለ ስሙ ብቻ አትጠይቁ። ይህን ጠይቁ፦ ተግባር ልምምዱ ስንት ወር ነው? የት ነው? በሳምንት ስንት ሰው አነጋግራለሁ? የማነጋግረውን የሚከታተልልኝ ማን ነው? ይህ ሙያ የሚወረሰው ከሰው ወደ ሰው ነው። ልክ እንደ ሽመና። ንድፈ ሐሳቡን መጽሐፍ ይሰጣችኋል፤ እጃችሁን የሚያርመው ግን አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔን ያረመኝ ያ አንድ ጥያቄ ነበር።

የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ የዕውቅና ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። ለዚያ የትምህርት መስክ፣ ለዚያ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ ዕውቅና አለው ማለት ደሴ ያለው አለው ማለት አይደለም።

የሦስት ወር የካውንስሊንግ ሥልጠና ወስጄ ሰርተፊኬት አለኝ። ይበቃል?

አይበቃም። ሥልጠናው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሰርተፊኬቱ ግን የሙያ ፈቃድ አይደለም። በሰርተፊኬት ብቻ «አማካሪ» የሚል ታፔላ መስቀል ሰውን ይጎዳል።

ነርስ ነኝ፤ ሥራዬን ሳልለቅ መጀመር እችላለሁ?

እንዲያውም ጥሩ ቦታ ላይ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ኤምኤች ጋፕ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስፔሻሊስት በሌለበት፣ ጤና ጣቢያ ያለው ነርስና ጤና መኮንን ድባቴን፣ የሚጥል በሽታን፣ የመጠጥ ችግርን ለይቶ እንዲያክም ማሠልጠን። ኢትዮጵያ ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። ሥልጠናው ወደ ጤና ጣቢያችሁ ሲመጣ ስማችሁን አስመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ወደ ሳይካትሪ መግባት ከፈለጋችሁ ልባችሁ ያወቀውን ይዛችሁ ትገባላችሁ።

ሰዉ ጠበል ነው የሚሄደው፣ ዱዓ ነው የሚያስደርገው። እኛ ምን እንሠራለን?

አብረን እንሠራለን። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ክፍሌ የገባ የወሎ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጠበል ወይም ከሩቅያ (ቁርኣን ከሚቀራበት ፈውስ) መልስ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ሁለቱንም ሞክሯል። እዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ በጋብቻም በጉርብትናም ስለተሳሰረ እናት ጠበል፣ አክስት ዱዓ ትላለች። ጀማሪ ባለሙያ ይህን ሲሰማ «ይሄማ በሽታ ነው፣ መንፈስ አይደለም» ብሎ ክርክር ይጀምራል። ክርክሩን ቢረታም ሰዉን ያጣዋል። ሕመምተኛው በማግስቱ አይመለስም።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። «ጠበሉ ቦታ ስትሄጂ ምን ይሰማሻል?» እላለሁ። ብዙዎች እዚያ ሰው ያገኛሉ፣ ተስፋ ያገኛሉ፣ ከቤት ጭቅጭቅ ያርፋሉ። ይህን መንጠቅ ምን ይረባል? አጥብቄ የምይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒት የጀመረ ሰው በሱባኤው ወይም በጾሙ ምክንያት መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። በረመዳን የሚውጥበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል። ሰው ታስሮ ወይም ተደብድቦ ከሆነ ግን ዝም አንልም።

አንዴ አንድ ቄስ ራሳቸው አንድ ወጣት ይዘው መጡ። «እኔ እጸልይለታለሁ፣ አንቺ አነጋግሪው፣ ሐኪሙ ኪኒኑን ይስጠው» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ የሥራ ክፍፍል ክፍል ውስጥ አልተማርኩም።

ከተማው ትንሽ ነው። ሚስጥር እንዴት ይጠበቃል?

ደሴ ላይ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው አክስት ያውቃል። ፒያሳ ላይ አንድ ዙር ከሄዳችሁ ሦስት ደንበኛ ታገኛላችሁ። ይህ የሥራው ከባዱ ክፍል ነው።

የማያት አንዲት ሴት ነበረች፤ ኮምቦልቻ ትኖራለች። እዚያው የሚያነጋግራት ብታገኝም አልፈለገችም። ሐረጎን ወጥታ ደሴ ትመጣለች፤ ታክሲ ውስጥ የሚጠይቃት ካለ «ጨርቅ ልገዛ» ትላለች። እውነት ለማስመሰል ሁልጊዜ ከሰኞ ገበያ አንድ ነገር ገዝታ ትመለሳለች። አንድ ቀን የገዛችውን አሳየችኝ፤ የሕፃን ካልሲ ነበር። ልጇ የሞተባት እናት ናት። ያን ቀን ስለ ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ አወራች።

ስለዚህ እኔ የምከተለውን ልንገራችሁ። መንገድ ላይ ደንበኛዬን ባገኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልም፤ እሷ ካለችኝ እመልሳለሁ። ይህን ገና መጀመሪያ ቀን እነግራታለሁ፣ ኮራችብኝ እንዳትል። ዘመድና ጎረቤት አላይም፤ ወደ ሌላ ባለሙያ እልካለሁ። ማስታወሻዬ ላይ ስም የለም። ቡና ላይ ሰዎች «እንትና አንቺ ጋ ትመጣለች አሉ» ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማን እንደሚመጣ አልናገርም።» የምታዩዋትም፣ የማታዩዋትም ብትሆን ይህንኑ መመለስ አለባችሁ። አለበለዚያ ዝምታችሁ ራሱ ይናገራል።

ሚስጥር የሚቆምበት ቦታ ደግሞ አለ። ሰውዬው ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊገድል ካሰበ፣ ወይም ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ። ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ እንዲያውም ይተነፍሳል። ጠይቁት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ይህ ለባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ይህን የምታነቡ ሁሉ ያዙት።

ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ያስፈልጋል?

ኦሮምኛ ብትችሉ ትልቅ ሀብት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ትንሽ ስትወርዱ ቋንቋው ይቀየራል። በባቲ በኩል ደግሞ አፋርኛ ትሰማላችሁ። ሰው ገበያውን በሁለተኛ ቋንቋው ይገዛል፤ ሐዘኑን ግን በእናቱ ቋንቋ ነው የሚያወራው።

አሜሪካ ያለች እህቴ «እዚህ መጥተሽ ካውንስለር ሁኚ» ትለኛለች። ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ከዚህ የወሰዳችሁት ፈቃድ እዚያ አይሠራም። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። መጠሪያውም ይለያያል። ኒው ዮርክ «ላይሰንስድ ሜንታል ሄልዝ ካውንስለር» ሲል ቴክሳስና ቨርጂኒያ «ላይሰንስድ ፕሮፌሽናል ካውንስለር» ይላሉ።

በጥቅሉ መንገዱ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ያለው ማስተርስ፤ ከዚያ በአሠልጣኝ ክትትል ሥር የሚሠራ ረጅም ሰዓት፣ ለምሳሌ ኒው ዮርክ 3,000 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከዚያ አገር አቀፍ ፈተና። የኢትዮጵያ ዲግሪያችሁ በእውቅ ተቋም ይገመገማል፤ የጎደለ ኮርስ ካለ ትጨምራላችሁ። ስለዚህ ለመሄድ ያሰበ ሰው የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫና የልምምድ ሰዓቱን ማኅተም አስደርጎ ይያዝ። ከሄዱ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ማስላክ ብዙ ያመላልሳል። ያንን 3,000 ሰዓት ሳስብ ግን እቀናለሁ። ሰው ለብቻው ከመለቀቁ በፊት ያን ያህል ይታያል ማለት ነው።

ሥራ አለ?

ችግሩ ሞልቷል፤ የሥራ መደቡ ግን ያን ያህል አልሞላም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሆስፒታል ተዘረፈ፣ ትምህርት ቤት የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ከረመ። ከዚያ ወዲህ የሥነ ልቦና ድጋፍ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ድርጅቶች መጡ፤ ግን ብዙው ሥራ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚያልቅ ነው። ቋሚ ቅጥር የሚገኘው በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ፣ በሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ በኩል ነው። ደመወዙ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሀብታም አያደርግም። ያን የኮምቦልቻ አባትም እንዲሁ አልኳቸው፦ «እንጀራ ይሆናል፤ ወጡን ግን ቶሎ አይጠብቁ።»

እኔ ራሴ ድባቴ ነበረብኝ። አይከለክለኝም?

አይከለክልም። ታክማችሁ ቆማችሁ ከሆነ የምታዩትን ሰው ታውቁታላችሁ። የራሳችሁን አማካሪ ግን አትተዉ። እኔም አለኝ።

እናቴ «ከእብድ ጋር ልትውል ነው» ብላ አለቀሰች። ምን ልበላት?

አትከራከሯት። ቡናው ሲፈላ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ማን ወደ እኛ እንደሚመጣ ንገሯት። ፈተና ሲቀርብ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ። መኪና ተገልብጦበት ዳግም መሪ መያዝ ያቃተው ሹፌር። ከወለደች በኋላ ልጇን ማቀፍ የፈራች አራስ። ከዐረብ አገር ተመልሳ ማታ ማታ የምትጮህ ልጅ።

ከዚያ ዝም በሉ፣ እናታችሁን ጠብቁ። እኔ ለእናቴ ይህን ስነግራት ሲኒዋን አስቀመጠችና ስለ ታናሽ እህቷ ማውራት ጀመረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሟን አንስታ አታውቅም ነበር።